ሬሳ የሌለው ድንኳን

ልደታ ፍርድ ቤት በር ላይ ጥላ ዘርግተው ለባለጉዳይ ማመልከቻ ከሚጽፉት ራፖር ጸሐፊዎች መካከል ኃይለመለኮት የሚባል ሰው አለ። ስልሳ ዓመት ሞልቶታል፤ እሱ ግን «ገና ልሞላ ነው» ይላል። ሰው ሳቀብኝ ብሎ የሚያኮርፍ ዓይነት አይደለም። «ሌላው ከሚስቅብኝ እኔው ቀድሜ ልሳቅበት» ይላል፣ ደግሞም ይስቃል። በዚህ የተነሳ የድንኳኑን ነገር ከራሱ አፍ ያልሰማ የልደታ ሰው የለም። እኔም ከሱ እንደሰማሁት ነው የማወራችሁ፤ ከጨመርኩበትም ጥቂት ነው፤ እሱ ራሱ ሲያወራው ከሚጨምረው አይበልጥም።

በዚያ ዓመት ከወደ አዋሽ በኩል መሬት እየተንቀጠቀጠች አዲስ አበባ ድረስ ፎቅ ስታወዛውዝ ሰንብታ ነበር። ኃይለመለኮት የሚኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የመጀመሪያው ንቅናቄ ሲመጣ ሚስቱን ትርፌን «ተረጋጊ! ተረጋጊ አልኩሽ!» ብሎ ጮኸባት። እሷ ተረጋግታ ጫማዋን ስታጠልቅ እሱ ግቢው ውስጥ ደርሷል። እጁ ላይ ምን እንደያዘ ያወቀው ጎረቤቶቹ ሲስቁ ነው፤ የቴሌቪዥኑን ሪሞት። «ምን ላድርግ ታዲያ» ይላል አሁን ሲያወራው፣ «መሬቷን ላጠፋት ፈልጌ ይሆናላ!»

ክረምቱ ሲቃረብ ከየእድሩ አንድ አንድ ሰው ለአደጋ ዝግጁነት ስልጠና ተጠራ፤ እድሩም እሱን ላከው። ለምን እሱን ቢባል ሌላው ሰው ሁሉ ሥራ ነበረበት። ስልጠናው የአንድ ቀን ነው። ከምሳ በፊት ያለውን አንድም ሳያመልጠው ሰማ። ከምሳ በኋላ ያለውን ተኛ። ለዚህ ነው አደጋን ስለመከላከል እንደ ጉድ የሚያወራው፣ አደጋው ከመጣ በኋላ ግን ምን እንደሚደረግ ቢጠየቅ የሚቆጣው። ሲመለስ ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሶ፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሎ ነበር። ትርፌ በሩን ስትከፍትለት ትራፊክ ፖሊስ መስሏት ደነገጠች።

ከዚያ ወዲያ ሰላም የለም። «የአደጋ ቦርሳ» ብሎ አንድ የትምህርት ቤት ቦርሳ በሩ ኋላ ሰቀለ። ውስጡ በሶ፣ ሻማ፣ ገመድና ባትሪ አለበት፣ ወይም ነበረበት እንበል። በሶውን ራበኝ ባለ ቁጥር እየበጠበጠ ይጠጣዋል፣ ትርፌ ደግሞ እየተሳደበች ትሞላለች። የባትሪውን ድንጋይ የሪሞቱ ድንጋይ ያለቀ ዕለት አውጥቶ እዚያ ከተተው፤ በዚያው ቀረ።

ይሄ ሁሉ ቀልድ ነው። ሰውየውን ግን የምር እንቅልፍ የነሳው አንድ ነገር ነበር፤ የእህቱ ግድግዳ።

ታላቅ እህቱ ታየች ጌጃ ሰፈር፣ ሁለቱም ተወልደው ባደጉባት ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞተች ኃይለመለኮትን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ባልትና እየሠራች ነው የምትተዳደረው፤ የሷን በርበሬ ያልበላ የሰፈሩ ሰው የለም። የቤቱ የኋላ ክፍል የቆመው ወንዙ አፋፍ ላይ ነው። ድሮ ከግድግዳው ጀርባ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ መንገድ ነበር። ወንዙ ክረምት በመጣ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየቦረቦረ ወስዶት አሁን ድመት እንኳ ተጠንቅቃ ነው የምታልፈው። የጭቃው ግድግዳም ወደ ወንዙ በኩል ሆዱን ነፍቷል። ታየች አልጋዋን የዘረጋችው እዚያው ግድግዳ ሥር ነው፤ ሌሊት ብቻ አይደለም፣ ሁልጊዜ ከምሳ በኋላም እዚያ ጋደም ትላለች። በመንገድ በኩል ያለው ደረቁና ጠንካራው የፊት ክፍል ደግሞ እስከ ኮርኒሱ በበርበሬ ጆንያ ታጭቋል፤ የራሱ ቁልፍ አለው፣ እሷ የምትገባው በጎን በር ነው።

«እትዬ፣ ስለ እመቤቴ ብለሽ» ይላታል በሄደ ቁጥር፣ «በርበሬውን ወደ ኋላ፣ አንቺ ወደ ፊት። ከሁለት አንዳችሁ ወንዝ መግባት ካለባችሁ በርበሬው ይግባ!»

«የፊቱ ክፍል ተይዟል።»

«በበርበሬ!»

«ተይዟል አልኩህ።»

«እንግዲያው ክረምቱን እኛ ዘንድ ነዪ።»

«ቤቱን ባዶ ትቼ? ባዶ ቤት ሊታሸግ? ደግሞ አንተ አራተኛ ፎቅ ላይ ተንጠልጥለህ እየኖርክ እኔን ስለ መውደቅ ታስተምረኛለህ? ወግ ነው!»

በቃል እንቢ ስትለው በጽሑፍ ሞከረ። «ለወይዘሮ ታየች፤ ጉዳዩ፦ ከኋላ ክፍል ወደ ፊት ክፍል እንዲዛወሩ ስለመጠየቅ» ብሎ ሦስት ገጽ ማመልከቻ ጽፎ ወሰደላት። በሳምንቱ ሲመለስ አንደኛው ገጽ ላይ ለደንበኛ ሚጥሚጣ እየጠቀለለች አገኛት። «ወረቀቱ ጥሩ ነው፣ አያፈስም» አለችው። እሱም አመስግኖ ሄደ፤ ምን ይበል!

ያን ዕለት ወደ ቤቱ ሲመለስ ነው ሐሳቡ የመጣለት። ታየች ለወንድሟ ምክር አትነሳም፣ ለዝናብ አትነሳም፣ ለጉልበቷ ሕመም አትነሳም። የእድር ጥሩምባ ሲነፋ ግን ተኝታም ቢሆን ትነሳለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከለቅሶ የቀረችበት ቀን የለም። የጌጃ ሰፈር እድር ደግሞ ሰው ኮንዶሚኒየም ቢገባም የሚለቀው እድር አይደለም፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱ ሁሉ የተሟላ ነው፤ ጥሩምባ ነፊው ዋቅሹማም አለ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ በየመንደሩ እየዞረ የሞተውን ሰው ስም ሲጠራ የኖረ። ኃይለመለኮት አሰበና አሰበና «የአደጋ ልምምድ እናድርግ» አለ። ጥሩምባ ይነፋል፣ ሰው ሁሉ ከየቤቱ ወጥቶ ደረቅ ቦታ ድንኳን ሥር ይሰበሰባል፣ እዚያ ስለ ጎርፍ ይማራል። ታየችም ትወጣለች። በሰው ፊት ሲነግራት ደግሞ እንቢ ማለት ያሳፍራታል። እንዲህ ያለ ብልጠት ከየት እንዳመጣው ራሱም ገረመው።

የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ሚደቅሳ ሐሳቡን ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ድንኳን ያለ ሬሳ?»

«ለልምምድ ነው ጋሽ ሚደቅሳ። ሬሳ እንዳይኖር እኮ ነው የምንለማመደው!»

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ሟርት ነው። ድንኳን ተተክሎ ባዶውን ሲቆም ሰው ይጠራል ይባላል።»

ብዙ ተጨቃጨቁ። ኃይለመለኮት ማመልከቻ ጸሐፊ ነውና ሰው በማድከም የሚያህለው የለም፤ በመጨረሻ ሽማግሌው ደከማቸው። «እሺ፣ ትከሉ» አሉ። «ግን እኔ ደጃፍ አይደለም።» የኮሚቴው አባላት ሁሉ አንድ በአንድ እኔም ደጃፍ አይሆንም፣ እኔም ደጃፍ አይሆንም አሉ። ስለዚህ በኃይለመለኮት ደጃፍ፣ በኮንዶሚኒየሙ መኪና ማቆሚያ ላይ እንዲተከል ተወሰነ። ትርፌ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አንስታ «በቁሜ ድንኳን ደጄ ላይ ሲተከል አላይም!» ብላ ድንኳኑ የሚተከል ዕለት አስኮ ዘመዶቿ ጋ ልትውል ሄደች።

ለእድርተኛው ማስታወቂያ የመለጠፍ ኃላፊነት የኃይለመለኮት ነበር። ለጠፈም፤ ሁለት ገጽ ነው። «ከዚህ በላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብሎ ጀምሮ «ልምምድ» የሚለውን ቃል ሁለተኛው ገጽ ወገብ ላይ አደረሰው። እስከዚያ ያነበበ ሰው የለም። ለታየች ደግሞ ጭራሽ አልነገራትም፤ ከነገራት አትመጣም።

እሑድ ከምሳ በኋላ ዋቅሹማ ጥሩምባውን ይዞ መጣ።

«ምን ልበል?» አለ።

«በአቶ ኃይለመለኮት ደጃፍ ድንኳን ተተክሏል፣ ውጡ በል።»

«ልምምድ ነው ልበል?»

«እንዳትል! ልምምድ ካልክ ማን ይወጣል?»

ዋቅሹማ ትንሽ አመነታ። «ማን ሞቶ ነው ብለው ቢጠይቁኝስ?»

«ዝም ብለህ እለፍ።»

እንግዲህ አስቡት። የሰው ስም ተጠራ፣ ደጃፉ ላይ ድንኳን እንደተተከለ ተነገረ፣ ጥሩምባ ነፊው ሲጠየቅ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ኃይለመለኮት ታየችን ከቤት ለማውጣት አንድ ሰው የሞተ መምሰል እንዳለበት ገብቶት ነበር። ሟቹ ማን እንደሚሆን ግን ጨርሶ አላሰበበትም። ልክ ከምሳ በኋላ እንደነበረው ስልጠና።

ድንኳኑ ተተክሎ፣ ወንበሩ ተደርድሮ፣ ሰው መምጣት ሲጀምር ኃይለመለኮት የአደጋ ቦርሳውን ፎቅ ላይ እንደረሳው ትዝ አለው። አሠልጣኝ ያለ ቦርሳ አይሆንም ብሎ አራት ፎቅ ወጣ። ትንፋሹን እስኪሰበስብ አልጋው ላይ ቁጭ አለ። ቁጭ ካለ አይቀር ብሎ በሶ በጠበጠ። ጠጥቶ ሳይጨርስ ከታች ዋይታ ሰማ፤ የቀልድ አይደለም፣ የእውነት ዋይታ። ሴቶች «ወይኔ! ወይኔ!» እያሉ ደረት ይደቃሉ።

«በስመ አብ!» አለ። «በዛሬው ቀን ደግሞ ማን ሞተ?»

ሰው ሲሞት ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ የእድር ሰው ነው። ብርቱካንማውን ሰደርያ አወለቀ፣ ፊሽካውን ኪሱ ከተተ፣ ጋቢውን ለበሰ፣ ፊቱን አጠቆረና ወረደ። አንገቱን ደፍቶ፣ ማንንም ሳያይ፣ ድንኳኑ ጥግ ካለች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር የመጣ፣ እሱ የማያውቀው ሰውዬ ነበር።

«ማነው ያረፈው ወንድሜ?» አለ ኃይለመለኮት በሹክሹክታ።

«አንድ ራፖር ጸሐፊ ነው አሉ።»

«ውይ! የኔ ሙያ። ወጣት ነው?»

«ኧረ ሽማግሌ ነው። ነዝናዛ ቢጤ ነበር ይላሉ። መሬት ተንቀጠቀጠ፣ ጎርፍ መጣ እያለ ሰፈሩን አላስቀምጥ ያለ።»

«አይ፣ እንዲህ ዓይነት ሰው የትም አይጠፋም» አለ ኃይለመለኮት ከልቡ እያዘነ። «ምን አግኝቶት ነው?»

«ድንጋጤ ይሆናል። እንዲያው ነፍሱን ይማረው፣ ቤተሰቡ አሁን እንኳ ያርፋል።»

ኃይለመለኮት ራሱን እየነቀነቀ ድንኳኑን ቀና ብሎ አየ። ማዕዘኑ ላይ የታሰረው ገመድ የራሱ የአደጋ ገመድ ነው፤ አስተሳሰሩም የራሱ ነው፣ ጠማማ። ያን ጊዜ ላብ አጠመቀው። ከፊት ወንበር ላይ ጋሽ ሚደቅሳ ጭንቅላታቸውን ይዘው «እኔ ብዬው ነበር፣ ድንኳን ባዶውን አይቆምም ብዬው ነበር» እያሉ ያለቅሳሉ። ልምምድ መሆኑን የሚያውቁት ሽማግሌ እንኳ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ሲያዩ ሟርቱ የደረሰ መስሏቸዋል። ተነስቶ «አለሁ» ይበል? እንዴት ነው የሚባለው? ማመልከቻ ሲጽፍ የኖረ ሰው ለዚህ አንድ ቃል አጣ።

ሲያመነታ ታየች ደረሰች።

የቤት ነጠላ ጫማ አድርጋለች፣ አንዱ አረንጓዴ አንዱ ቡናማ። በርበሬ ነፍታ ጨርሳ ጋደም ልትል ስትል ነው ጥሩምባውን የሰማችው፤ እጇ እስከ ክርኗ ቀይ ነው። በእድሜዋ ሙሉ በር ሳትዘጋ ወጥታ የማታውቅ ሴት ቤቷን ብርግድ አድርጋ ትታ ከጌጃ ሰፈር በሩጫ መጥታለች። ድንኳኑ መሐል ቆመች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ደረቷን እየደቃች ሙሾ አወረደች፦

«ጎርፍ ይመጣል ስትለኝ ከርመህ፣
እኔን ትተኸኝ አንተው ቀደምህ!»

ድንኳኑ በአንድ ድምፅ አለቀሰ። ኃይለመለኮትም አለቀሰ። እንዴት አያለቅስ! ጀርባዋ ላይ ያደገው ሰው ነው፤ እንዲህ ስታለቅስ ለመጨረሻ ጊዜ ያያት እናታቸው የሞተች ጊዜ ነበር። ተነሳ፤ ጋቢው ከትከሻው ወደቀ።

«እትዬ» አለ። «እትዬ፣ አለሁ እኮ።»

የዚያን ጊዜ የሆነውን መናገር ያስቸግራል። ሁለት ሴቶች ወደቁ። የጠመንጃ ያዡ ሰውዬ በወንበሩ ላይ ዘሎ ወጣ። ታየች ግን አልወደቀችም፣ አልጮኸችም። ቀረብ አለችና ፊቱን በሁለት እጇ ዳሰሰችው፤ ግንባሩን፣ ዓይኑን፣ ጉንጩን። መኖሩን ስታረጋግጥ በጥፊ አጮለችው። ከዚያ በግራ በኩል ደገመችው። በርበሬው ዓይኑ ገባ። ኃይለመለኮት እየተወናጨፈ «ውሃ! ውሃ!» ሲል ድንኳን ሙሉ ሰው ቆሞ ያየዋል። «በዚያ ለቅሶ ከሁሉ አብልጦ ያለቀሰው ሟቹ ነው» ይላል አሁን።

«ልምምድ ነው» አለ እያነባ። «ለጎርፍ… ማስታወቂያው ሁለተኛ ገጽ ላይ…»

«ልምምድ?» አሉ ጋሽ ሚደቅሳ። የሚወረውሩት ነገር ፈልገው ከዘራቸውን አነሱ። እሳቸውን ያገዷቸው ሰዎች ራሳቸው ሊመቱት የፈለጉ ነበሩ። አንዷ ሴት ለሐዘንተኛ ብላ ያመጣችውን ንፍሮ ታቅፋ «ይሄን ሁሉ የቀቀልኩት ለዚህ ለማይሞት ነው?» ትላለች።

የዳነው በዝናብ ነው። ገና ሳይረጋጉ ሰማዩ ተቀደደ። እንዲህ ያለ ዝናብ ሐምሌን ሙሉ አልዘነበም፤ ከድንኳኑ ውጪ ያለው ብሎክ እንኳ አይታይም። ማንም መሄድ ስላልቻለ ተሰብሳቢው ሁሉ እያጉረመረመ ቁጭ ብሎ ንፍሮውን ይበላ ጀመር። ታየች ግን ነጠላዋን ተከናንባ ተነሳች።

«ወዴት ነው?» አላት።

«ቤቴ ክፍት ነው። ያንተ ጉድ አስረስቶኝ በሬን ሳልዘጋ ነው የመጣሁት።»

«ዝናቡ ያባራ እትዬ።»

«ልቀቀኝ። ደግሞ አሞኛል፣ ሄጄ ልተኛበት።»

ልተኛበት ስትል ዓይኑ ላይ የመጣው ያ ሆዱን የነፋ ግድግዳ ነው። አፉን ከፈተ። የአፈር ሙሌት፣ የውሃ ስርገት፣ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ምልክት፣ ከምሳ በፊት የሰማውን ሁሉ ሊነግራት ነበር። አንዱም አልወጣለትም። ድንኳኑ ደጃፍ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ስልሳ ዓመት የሞላው ሰውዬ ጭቃው ላይ ቁጭ አለና የቀሚሷን ጫፍ ጨብጦ ያዘ። ልጅ እያለ ገበያ ስትሄድ እንዲህ ነበር የሚያደርገው።

«አትሂጂ» አለ። ዓይኑ አብጦ፣ ንፍጡ ወርዶ፣ በርበሬ ይሁን ልቅሶ ሳይለይ። «እትዬ፣ አትሂጂብኝ።»

ሰው ይስቃል ብሎ ጠብቆ ነበር። ማንም አልሳቀም።

ታየች ቁልቁል አየችው። «አንተ ልጅ፣ ዛሬ ስንት ጊዜ ነው የምትገድለኝ?» አለች፤ ግን ቁጭ አለች። ዋቅሹማ ጥሩምባውን ብብቱ ሥር ከቶ «እኔ ዘግቼው እመጣለሁ፤ ጥፋቱ የኔም ነው» ብሎ ዝናቡ ውስጥ ገባ። ኃይለመለኮት የቀሚሷን ጫፍ አልለቀቀም። እሷም «ቀሚሴን አቆሸሽከው» ትላለች እንጂ አልነጠቀችውም።

ዋቅሹማ ሲመለስ ዝናቡ ማባራት ጀምሮ ነበር። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ድንኳኑ አፍ ላይ ቆመ። ሃያ ዓመት ስንቱን መርዶ ሲያሰማ የኖረ ሰው ቃል ጠፋው።

«እትዬ ታየች፣ በሩን ዘግቼዋለሁ» አለ በመጨረሻ።

«እግዜር ይስጥህ።»

«ግን… ከኋላ በኩል ግድግዳ የለም።»

 ታየች እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ሁሉም ተያይዞ ሄደ። የኋላው ክፍል የለም። ቆርቆሮው ተንጠልጥሏል፣ ከሥሩ ወንዙ ቡናማ ሆኖ ይጓዛል። ከአልጋዋ የቀረ ነገር ቢኖር አፋፉ ላይ ተገልብጦ የቆመ አንድ እግሩ ብቻ ነው። ትራሷ የት እንደደረሰ እንጃ። ሁልጊዜ ጋደም የምትልበት ሰዓት ነበር። ጋሽ ሚደቅሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው አማተቡ፤ ከዚያ ኃይለመለኮትን አዩት፤ ከዘራቸውን ግን አላነሱበትም። «ድንኳኑን እንዳታፈርሱት» አሉ ለእድሩ ወጣቶች። «ሦስት ቀን ይቁም። የታየችን ዕቃ እናስገባበታለን፣ ለቅሶዋንም እንደርሳለን።»

ኃይለመለኮት ያኔ ትንሽ ኩራት ተሰማው፤ አይደብቅም። አንድ ንግግር ሊያደርግ ጉሮሮውን አጸዳ። «አላልኩሽም እትዬ? በርበሬውን ወደ ኋላ፣ አንቺ ወደ ፊት አላልኩሽም?» ታየች የፊተኛውን ክፍል ቁልፍ ሰጥታው በሩ አጠገብ ጎረቤት ያመጣላት ዱካ ላይ ተቀመጠች።

ጆንያውን እየተቀባበሉ ማውጣት ጀመሩ። ኃይለመለኮት ፊተኛ ሆኖ እያነጠሰ ያቀብላል። አንድ ረድፍ ወጣ፣ ሁለተኛው ረድፍ ወጣ። ከዚያ በኋላ ጆንያ የለም። እስከ ግድግዳው በርበሬ ነው ብሎ ሲያስብ የኖረው የፊት ሁለት ረድፍ ብቻ ነበር።

ከጀርባው አልጋ አለ። ድሮ እሱ ያደገባት የሽቦ አልጋ ናት፤ ቀለም ተቀብታለች። በላይዋ በላስቲክ የተሸፈነ ፍራሽ፣ የታጠፈ ብርድ ልብስ፣ ሁለት ትራስ። ከሥር ክዳኑ የጠበቀ ጀሪካን ውሃ፣ በጣሳ በሶ፣ ሻማ ከነክብሪቱ፣ አንዲት ትንሽ ባትሪ። ባትሪዋን አነሳና ቁልፉን ተጫነ። በራች።

ወደ በሩ ዞረ።

«እትዬ፣ ይሄ የማነው?»

«የማን ይሆናል?» አለች፤ ቀና ብላም አላየችው። «ያ ፎቅ ሲወዛወዝ፣ ሪሞት ይዘህ ስትሮጥ ወዴት ልትገባ ነበር? ያን ዕለት ሰው ሲነግረኝ ነው ያዘጋጀሁት፤ ላንተና ለትርፌ። ባዶ ትቼው ወረዳ ቢያሽገው፣ እኔም እናንተ ጋ ብገባና ያ ፎቅ ቢወድቅ፣ ሦስታችንም ሜዳ ላይ አይደለን? ለዚህ ነው ያልለቀቅኩት።» ጣቷ መሐል የቀረውን በርበሬ በነጠላዋ ጠረገች። «ተይዟል አልኩህ አይደል? ስንቴ ተይዟል ልበልህ?»

ኃይለመለኮት ይህን ታሪክ ሺ ጊዜ አውርቶታል፤ የሪሞቱን፣ የበሶውን፣ የሁለተኛውን ገጽ፣ የጥፊውን። ሰውን በሳቅ ይገድላል። እዚህ ሲደርስ ግን ሁልጊዜ ድምፁ ይቀየራል፤ ምክንያቱም ስለዚህ ክፍል የሚሳቅ ነገር ፈልጎ አላገኘም። ያን ማታ ፍራሹን በጭንቅላቱ ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ድረስ አወጣው። ልናግዝህ ያሉትን ሁሉ እንቢ ብሎ፣ ድንኳን ሥር እንዳይረጥብ በርበሬውን ብቻ አስወጣቸው። ከአስኮ የተመለሰችው ትርፌ በሩን ከፍታ «ይሄ ደግሞ የምን ዝግጅት ነው?» አለችው። እሱም ፍራሹን በራሳቸው መኝታ ክፍል፣ ከመስኮት ራቅ አድርጎ ዘረጋና እህቱን አስተኛት። ሁለቱ ሳሎን መሬት ላይ፣ በበርበሬ ጆንያ መሐል፣ እያነጠሱ አደሩ።